ገጪው ኢንሹራንስ ከሌለውስ?

አገር ቤት ላለ ሰው፣ አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ የሌለው ሹፌር ሞልቷል ብትለው አያምንህም። ግን ሞልቷል። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. ለ2022 ያወጣው ግምት ከሰባት አሽከርካሪ አንዱ ያለ ሽፋን ይነዳል የሚል ነው። እኔ የምኖርባት ቨርጂኒያማ ይባስ ብላ እስከ 2024 አጋማሽ ድረስ 500 ዶላር ለከፈለ ሰው ያለ ኢንሹራንስ መንዳትን ትፈቅድ ነበር። ብሩ ኢንሹራንስ አይገዛም። ለተገጨው ሰው ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም። ደግነቱ አሁን ቀርቷል።

አንድ ወዳጄን ትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ ከኋላው ገጩት። ገጪው ወረደ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ የኢንሹራንስ ካርዱንም ሰጠ። ካርዱ ጊዜው ያለፈበት ነው። ወዳጄ «በቃ ተበላሁ» ብሎ ደወለልኝ። አልተበላም። እዚህ የራስህ ውል ውስጥ «ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቢገጭህ» የሚል ሽፋን አለ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ከውሉ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። የከፈለው የራሱ ኩባንያ ነው። ነገሩን ሳስበው ሥርዓቱ የቆመው በጥርጣሬ ላይ ነው። ሌላው ሰው ግዴታውን እንደማይወጣ አስቀድመህ ታስባለህ፣ ለእሱ ጉድለት አንተ ትከፍላለህ። ይሄ ፍትሕ ነው ወይ ብትሉኝ አይመስለኝም። ግን መኪናው ተሠርቷል።

ገጪውን ፍርድ ቤት አቁሜ እቀበለዋለሁ የሚልም አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ 5,000 ዶላር ያለ ጠበቃ የሚያከራክር ችሎት አለ፤ መርታቱም ላይከብድ ይችላል። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ፍርድ ቤቱ ገንዘቡን ሰብስቦ አይሰጥህም። ደሞዙን ለማስያዝ ሌላ አቤቱታ ነው፤ ደሞዝ ከሌለውስ? እርግጥ ካልከፈለ መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል። ያለ ኢንሹራንስ ሲነዳ የነበረ ሰው ያለ መንጃ ፈቃድ ለመንዳት ብዙ የሚቸገር አይመስለኝም።

አገር ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ሁለት መኪና መሀል መንገድ ተፋጦ ይቆማል። ትራፊክ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ ማንም አይነቃነቅም፤ ከኋላ ጥሩምባው ይቀልጣል። አላፊ አግዳሚው ፍርዱን ሰጥቶ ያልፋል። ቀጥሎ ያቺ የታወቀች ንግግር ትመጣለች፦ «ፖሊስ ምን ያደርግልናል ወንድሜ፣ እኛው እንጨርሰው።» መንጃ ፈቃዱን መያዣ ይሰጥሃል። የማውቀው ቀጥቃጭ አለ ይልሃል። ፓራፋንጎው በአዲስ ይቀየር ወይስ ይቀጥቀጥ በሚለው ክርክር ሳምንት ይሄዳል፣ ከዚያ ስልኩ አይነሳም።

እኔ ይሄን ልማድ አልንቀውም። ሰፈር ለሰፈር ሲሆን ይሉኝታ ከፍርድ ቤት ቀድሞ ያስከፍላል። ከማታውቀው የሚኒባስ ሹፌር ጋር ሲሆን ግን የምታገኘው በእሱ ኪስና በአንተ ለስላሳነት ልክ ነው።

የአገር ቤቱ ሕግ ደግሞ ከምናስበው ይሻላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ለአደጋው ትንሽ እንኳ አስተዋጽኦ ካደረግህ፣ አንድ በመቶም ብትሆን፣ ከገጪህ ምንም ላታገኝ ትችላለህ። የእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2084 ሁለት መኪና ሲጋጭ ጉዳቱን እኩል እንደፈጠሩ ይገምትና ግማሽ ግማሹን ያሸክማል። ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንዱ ሹፌር መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ግምቱ ይፈርሳል። ፕላኑ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ተጠያቂነቱም ሹፌሩ ላይ አያበቃም፣ ባለንብረቱ አለ። ስለዚህ ከሹፌሩ ስልክ ይልቅ ታርጋውንና ሊብሬው ላይ ያለውን ስም ያዝ።

«ሦስተኛ ወገን አለኝ» ብሎ የሚዝናናው ሰው ግን ያሳዝነኛል። እሱ አንተ ለምትገጨው ሰው ነው፤ ያንተን መኪና አይሠራም። ኢንሹራንስ የሌለው ከገጨህ የሚያድንህ የራስህንም መኪና የሚሸፍነው ኮምፕሬሄንሲቭ ነው። በአዋጅ 799/2005 የመድን ፈንድ አለ፤ ኢንሹራንስ የሌለው ወይም ገጭቶ ያመለጠ መኪና ለሚያደርሰው ሞትና አካል ጉዳት ይክሳል፣ ፓራውልት አይመለከተውም። አዋጁ ሲወጣ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ እንዲከፍል የተቀመጠው ጣሪያ ለሞት 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር ነበር። በኋላ ከፍ ቢደረግም፣ ከሰው ይልቅ ለመኪና ያሰበው ማን እንደሆነ እስካሁን ይገርመኛል።

ሽምግልናውን የመረጠ ሰው ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጎ ያስፈርም። «ዛሬ ነገ» ሲባል ቀኑ ይቆጠራል። ቨርጂኒያ ለአካል ጉዳት 2 ዓመት፣ ለንብረት 5 ዓመት ትሰጣለች። አገር ቤት የካሳ ክስ ማቅረቢያው በመርህ ደረጃ 2 ዓመት ነው፤ መያዣ የተቀበልከው መንጃ ፈቃድ ኪስህ ውስጥ ቢኖርም።