«ሐይቁ ሰፊ ነው» ለምትሉን

የኬጅ ዓሣ እርባታ (ዓሣን ሐይቅ ላይ በታሰረ የመረብ ሳጥን ውስጥ ማርባት) ይስፋፋ ባዮች ሰሞኑን የድሮዋን መልስ ይዘው ብቅ ብለዋል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ሰፊ ስለሆነ ኬጆቹ ምንም አያደርጉትም ይላሉ። ከመልሶቻቸው ሁሉ ደካማዋ ይቺ ናት። የሚወዷትም እሷኑ ነው።

ሰፊ መሆኑን ማን ካደ? ከ68 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ግን ኬጁን መሀል ሐይቅ ላይ ማን አሰረው? እዚያ ማዕበሉ መረብ ይበጣጥሳል። መኖ ማመላለሻው ነዳጅም አይቀመስም። ስለዚህ ሁሉም ነፋስ ወደማይበረታበት ዳር ይሰበሰባል። በኬንያ በኩል ብዙዎቹ ኬጆች የተደረደሩት ከዳርቻው ሳይርቁ ነው። ነፋስ በማይበረታበት ቦታ ደግሞ ውሃውም እንደልቡ አይንቀሳቀስም። ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ቆሻሻውን አንድ ጥግ ቢከምር፣ ግቢው ሰፊ ስለሆነ አይሸትም?

ሂሳቡን እንየው። አንድ ቶን ቲላፒያ ለማምረት ከ1.5 እስከ 2 ቶን መኖ ይገባል። መኖው ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ከግማሽ በላዩ ዓሣው ላይ አይቀርም። ኩስና ትራፊ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይገባል። ከኬጁ ሥር የሚጠራቀመው ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል። ፎስፈረሱ አልጌ የሚባለውን ጥቃቅን የውሃ እጽዋት ይቀልባል፤ አልጌውም ቀን የሰጠውን ኦክስጅን ሌሊት መልሶ ይወስዳል። ከዚያ አንድ ቀን ኃይለኛ ነፋስ ይነሳና ኦክስጅን ያለቀበትን የታችኛውን ውሃ ወደ ላይ ይገለብጠዋል። ሐይቁ ውስጥ እንደልቡ የሚዋኝ ዓሣ ይሸሻል። የኬጁስ የት ይሂድ?

እ.ኤ.አ. በ2011 በፊሊፒንስ ታአል ሐይቅ በመቶዎች ቶን የሚቆጠር የኬጅ ዓሣ በጥቂት ቀናት አልቋል። ታአል ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። እሺ፣ የጋናው ቮልታ ሐይቅስ? ከ8 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የገባው የዓሣ ቫይረስ ግን ስፋቱን አልጠየቀም፤ የጋናን አርቢዎች ለከባድ ኪሳራ ዳርጓል።

ሕዝቡ ዓሣ ይፈልጋል ይሉናል። እውነት ነው። ኬጅ የት ይታሰር ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም።

ፈቃድ የሚሰጠው አካል ካርታ ዘርግቶ ስፋት ማድነቁን ይተውና መለኪያ ገመድ ይዞ ጀልባ ላይ ይውጣ። ከመረቡ እስከ ወለሉ ስንት ሜትር አለ? ውሃው ወዴት ይፈሳል? ይህን ሳይለካ መፈረም ካማረው፣ ቢያንስ የሞተ ዓሣ ማስወገጃው ከማን ኪስ እንደሚወጣ ፈቃዱ ላይ ይጻፍልን።