ደህና ነው፣ ጠበል ገብቷል

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ትኩስ ለቅሶ ነበር። ድንኳን ተተክሏል። ንፍሮ ይዞራል። ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀዋል። ትኩስ አልኩ እንጂ ሟቹ እንኳ ትኩስ አይደሉም። ጋሼ ካረፉ 7 ወር አልፏቸዋል። አርባቸው ወጥቷል፤ ሰማንያቸውም ወጥቷል። ድጋሚ የተቀመጥነው ልጃቸው ከአሜሪካ ስለመጣ ነው። መርዶውን የሰማው ገና በዚያ ሌሊት ነው።

ታውቁታላችሁ መቼም። የእናንተም ቤት ሳይደረግ አልቀረም።

7 ወር ሙሉ ልጁ በየእሁዱ ይደውላል። በየእሁዱ "ደህና ነው" ይባላል፤ በሳቅ ታጅቦ። እኔ ይሄን ሕዝብ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ ነው የማመሰግነው። ሌላው ዓለም ደስ ሲለው ይስቃል። ይሄ ምን ችሎታ ይጠይቃል? ሕፃንም ያደርገዋል። ጥርስ ባዳ መሆኑን አውቆ፣ ባዳውን ቀጥሮ ሥራ ያስገባው የእኛ ሰው ብቻ ነው።

ሥራው ደግሞ እንዲህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በመጀመሪያው እሁድ ጋሼ "ገበያ ወጥተዋል" ተባለ። በሕይወታቸው ሽንኩርት ገዝተው የማያውቁ ሰው! በሁለተኛው ተኝተዋል። በሦስተኛው ጥርስ ተነቅለው መናገር አይችሉም። በአራተኛው ላይ ነው ቤተሰቡ መላውን ያገኘው፦ ጠበል ገብተዋል። ጠበል የመሰለ ነገር የለም። ኔትወርክ የለም። የመውጫ ቀን የለውም። ጠያቂውም "ይማረው" ብሎ ከማለፍ ሌላ ምንም ማለት አይችልም። ጋሼ በቁማቸው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ለጥምቀት ብቻ ነበር። ከሞቱ በኋላ 3 ወር ጠበል ተቀመጡ።

ችግሩ ቪዲዮ ነው። "ቪዲዮ ነው!" ሲባል ቤቱ ይተራመሳል። ጥቁር ልብስ ይወልቃል። ጧፍ የሚበራለት ፎቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ታላቅየዋ ለዚሁ ጉዳይ የተመደበ ቀይ ሻርፕ አላት፤ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ነው የሚውለው። ትንሽየው ለሐዘን ያሳደገውን ጺም ወንድሙ አይቶ "ምንድነው?" ቢለው "ፋሽን ነው" አለው። የባለቤታቸው ድርሻ መሳቅ ነው። ይስቃሉ። ስልኩ ሲዘጋ ሻርፑ ወደ ሚስማሩ፣ እሳቸውም ወደ እንባቸው ይመለሳሉ።

የአርባው ለት ደግሞ ልጁ ሳይታሰብ ደወለ። አንዱ ሕፃን ስልኩን አነሳው። ድንኳኑ ታየ፣ ሰዉ ታየ፣ ጠላው ታየ።

"ምንድነው ድንኳኑ?"

"የጎረቤት ሰርግ!" አለች ታላቅየዋ፣ ስልኩን ቀምታ። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ በጥርሷ መሃል "እልል በሉ እንጂ!" አለችን። ነፍስ ይማር ሊል የመጣ ሰው በሙሉ እልል አለ። ጥግ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ሳይቀሩ ከዘራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ አልዋሽም። ልጁ "እንኳን ደስ አላችሁ በሉልኝ" አለ። በማግስቱ ለሙሽሮቹ ስጦታ 100 ዶላር ላከ።

ለአባቱም ላከ። ለደም ብዛት መድኃኒት መግዣ። በየወሩ።

በዚህኛው ግን አልቀልድም። ለሞተ ሰው መድኃኒት ስንት ሰዓት ቆሞ ሠርቶ ይሆን? "እንዳይደነግጥ ብለን ነው፣ በሰው አገር ብቻውን ነው" ይላሉ። ደነገጠ እኮ! ሁለቴ ደነገጠ። አንዴ አባቱ ስለሞቱ፣ አንዴ 7 ወር ስለሳቅንበት። 40 ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ ልጅ አይደለም። የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ያወቀውን የአብራካቸው ክፋይ አላወቀም። እዚያ ድንኳን ውስጥ ደረቱን ሲመታ አየሁት። ሰዉ ካርታ ይጫወታል። የእኛ እንባ ካለቀ ቆይቷል። በሰው አገር ብቻውን እንዳያለቅስ የተሳሳንለትን ሰው፣ አገሩ አምጥተን፣ በወገኑ መሃል ብቻውን አስለቀስነው።

ይቅርታ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ለነገሩ መርዶ ድሮም ነበር። ግን የድሮ ሰው ነገሩ አልገባውም። የሚደብቀው አንድ ሌሊት ነው። ሰውየው መንገድ ላይ እንዳይሰማው ጎህ ሳይቀድ፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ይነግረዋል። ከዚያ አብሮት ያለቅሳል። አስለቃሽ አለች፣ ሙሾ አለ፣ ፊት መንጨት አለ። ፎቶ ሲነሳ ደግሞ ኮስተር ነው፤ የአያቶቻችሁን ምስል እዩት፣ ፎቶግራፈሩን ሊከሱት የመጡ ነው የሚመስሉት። የከፋው ያለቅሳል፣ ያልሳቀ ኮስተር ይላል። ኋላ ቀርነት! እኛ አንዷን ሌሊት ለጥጠን 7 ወር አደረስናት።

ልጁም ቢሆን የቤተሰቡ ልጅ ነው። ለካ እሱም ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል። በየእሁዱ የሚደውለው ጓደኛው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነው፤ የሚያድረውም ጓደኛው ሶፋ ላይ ነው። "ሥራ እንዴት ነው?" ሲሉት "አሪፍ ነው!" ሲል ነበር። የሚልከውን ብር ተበድሮ ነው የሚልከው። እንግዲህ አስቡት፤ አባት የሌለው ቤት እና ሥራ የሌለው ልጅ፣ 7 ወር ሙሉ በየእሁዱ ተሳሳቁ። አረብ አገር ያለችውን ልጅማ ተዉት። "ማዳሜ እንደ እናቴ ናት" እያለች በኢሞ የምትስቀው መታጠቢያ ቤት ሆና ነው። ከውስጥ የሚቆለፍ በር ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ።

ትናንት እህቴ ከጀርመን ደወለች።

"እማዬ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት። ጓዳ ቡና እየቆላች ነው።"

ዝም አለች። "ጠበል አልገባችም አይደል?"

"ጓዳ ናት እኮ!"

"ቪዲዮ አድርገው።" አደረግኩት። ጓዳውን ከሩቅ አሳየኋት። "ትንቀሳቀስ" አለች። "ዛሬ ማን እንደሆነ ጠይቃት።"

"ሚካኤል ነዋ!" አለች እማዬ ከጓዳ። "ምን ሆናችኋል እናንተ?"

እህቴ ተነፈሰች።

እማዬን ጉልበቷን ካመማት ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው። ስልኩ ጋ ለመድረስ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ግድግዳውን ለቀቀች። ሻሿን አስተካከለች። ቀና አለች።

"አለሁልሽ ልጄ! እየዘለልኩ ነው!"

እህቴም ሳቀች። ዓይኗ ሥር አብጧል። ጉንፋን ነው አለች። እንደገና ተሳሳቁ፣ ተመራረቁ፣ ስልኩ ተዘጋ።

እማዬ ወንበሩን ተደግፋ ቀስ ብላ ቁጭ አለች።

"እስቲ ያቺን ቅባት አቀብለኝ" አለችኝ። ጉልበቷን እያሸች ትንሽ ቆየች። "ጉንፋን ነው ነው ያለችው?"