የባሶ ገበያ ታሪክ ሙሉውን ይነገር

ጎጃምን ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው የሚሄድበት ቦታ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። ጢስ ዓባይ፣ የጣና ገዳማት፣ ጊዜ ከተረፈው ደብረ ማርቆስ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት። ከዚያ ወደ ጎንደር ያልፋል። የጁቤ የምትባለው ከተማ የት ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ባሶ ላይ ምን እንደነበረ የሚነግረውም አያገኝም። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ጎጃምን ከቀይ ባሕር ጋር ያገናኘው መንገድ የሚያልፈው በዚያ ነበርና።

የሲራራ ነጋዴ፣ ጭነት ጭኖ ሩቅ አገር የሚነግደው ሰው፣ የሚሄድበትን መንገድ ነው የምለው። መነሻው ከጊቤ አካባቢ፣ ከጅማና ከእናርያ ነው። በሊሙ ሰቃ ገበያ፣ ከዚያ በጉድሩ አሰንዳቦ አድርጎ ዓባይን ይሻገራል። ጎጃም ሲገባ የሚቀበለው ትልቅ ገበያ የጁቤ አጠገብ ያለው ባሶ ነው። ከባሶ ወደ ጎንደር ይወጣል። ከጎንደር አንዱ በመተማ ወደ ሱዳን፣ ሌላው በዓድዋ ወደ ምጽዋ።

እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ቻርልስ ቤክ የሚባል እንግሊዛዊ የጁቤ ተቀምጦ ነበር። ከዓባይ ማዶ ስላለው አገር ከጻፈው ብዙውን ያገኘው የባሶን ነጋዴዎች እየጠየቀ ነው። አስቡት እንግዲህ። ያን ጊዜ ስለ እናርያና ስለ ካፋ ማወቅ የፈለገ ሰው ጎጃም ገበያ ላይ መቀመጥ ይበቃው ነበር።

ከደቡብ የሚመጣው ቡና፣ ኮረሪማ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና የጥርኝ ዝባድ ነው። ከሰሜን የሚወርደው ደግሞ ጨርቃ ጨርቅና አሞሌ ጨው። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ ይመጣና እንደ ገንዘብ ይሠራል። ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ትግራይ ላይ በአንድ ማርትሬዛ ብዙ አሞሌ የገዛ ሰው፣ ጎጃም ደርሶ ጥቂቱን ብቻ ዘርዝሮ ያንኑ ብር ያገኛል። ዓባይን ካሻገረው ደግሞ ትርፉ ሌላ ነው።

እኔ ከሁሉም ልቤን የሚይዘው ኮረሪማው ነው። ዛሬ የጎጃም እናት ቅቤ ስታነጥር ኮረሪማ ካልገባበት ቅቤ አይመስላትም። በርበሬዋም እንደዚያው ነው። የኮረሪማ አገሩ ግን የደቡቡ ጫካ ነው። ወደ ደጋው ጓዳ የገባው በነጋዴ በቅሎ ተጭኖ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ባሶ ላይ ተሰፍሮ ነው። የቡናው ነገር ደግሞ ይለያል። ቡና መጠጣት በክርስቲያኑ ዘንድ ለረጅም ዘመን የተነወረ ነበር። ስለዚህ ያ ሁሉ ጭነት በጎጃም ደጃፍ እያለፈ ለሌላ ሰው ይሄድ ነበር። ዛሬ ሦስት ጊዜ ቡና ሳትቀዳ እንግዳ የምትሸኝ ጎጃሜ ካለች አሳዩኝ። ዘጌ ላይማ በዛፍ ጥላ ስር የሚለቀም የራሳችን ቡና አለን።

የስንቁን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ነጋዴ ወራት ይጓዛል። በየሰፈረበት ምጣድ የሚጥድለት የለም። አቅማዳው ውስጥ ያለው በሶ ነው፣ ዳቦ ቆሎ ነው፣ ቋንጣና ድርቆሽ ነው። በሶው በውኃ ይበጠበጣል፣ ወይ በጨው ይጨበጣል። ቅቤ የተረፈው ጭኮ ያደርገዋል። ድርቆሹ በሽሮ ይርሳል። እነዚህን ምግቦች ዛሬም እንበላቸዋለን፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ሻንጣው ውስጥ እንከትለታለን። እንግዳ ሲመጣ ግን አናቀርባቸውም፣ የድሃ ምግብ ናቸው ብለን እናፍራለን። በዋናው መንገድ ዳር ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች አንድ ዓይነት ጥብስና ፓስታ ነው የሚሸጡት። ከጮቄ ገብስ የተዘጋጀ በሶ በጎጃም ማር በጥብጦ የሚያቀርብ ቤት ለምን ይጠፋል?

የዓባይ መሻገሪያ ቀላል ነገር አልነበረም። ዛሬ በመኪና ከጎሐ ጽዮን ተጠማዝዘን እንወርዳለን፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን እርዳታ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ እናልፋለን፣ ደጀን ላይ ወጥተን ሻይ እንጠጣለን። የባሶ ነጋዴ ግን ድልድይ አልነበረውም። ቆላው ንዳድ አለበት፣ ሽፍታ አለበት፣ አዞ አለበት። ጭነቱን በቆዳ ጠቅልሎ፣ የተነፋ ስልቻ ይዞ ይዋኛል። ክረምት ከገባ ወንዙ ይዘጋል፣ ንግዱም እስኪጎድል ይቆማል። በዚያ ላይ በየኬላው ቀረጥ አለ። ለዚህ ነው በነጋዴዎች አለቃ በነጋድራስ እየተመሩ በቅፍለት፣ ብዙ ሆነው አንድ ላይ፣ የሚጓዙት። ወደ ሞጣ በኩል ያለው ሰባራ ድልድይም የዓባይ ማዶ ንግድ ምስክር ነው። በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ጦርነት ጊዜ መሐሉ ከተቆረጠ በኋላ ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ይሻገርበት ነበር።

ይህ መንገድ ዙፋንም ያጋጨ ነው። ተክለ ሃይማኖት በጥር 1873 ዓ.ም. የጎጃምና የካፋ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የጦር አዛዣቸው ራስ ደረሶ ወደ ዓባይ ማዶ እየተሻገሩ ግብር ይሰበስቡ ነበር። ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር በግንቦት 1874 ከዓባይ ማዶ እምባቦ ላይ ሲዋጉ፣ ከክብሩ ባሻገር የደቡቡን ንግድ ማን ይይዘዋል የሚለው ጥያቄም አብሮ ነበር። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ንግዱ ወደ ሸዋ ዞረ። አዲስ አበባ ተቆረቆረች፣ በ1909 ባቡሩ ገባ፣ ባሶም ተረሳ። ጎጃም ድሃ የሆነው ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚሉ ሰዎች ይህችን ታሪክ ቢያውቋት ደስ ይለኛል።

አሁን ወደማይወደደው ነገር ልምጣ። በዚያ መንገድ ቡና ብቻ አልመጣም። ሰውም ይነዳ ነበር። ከጊቤና ከዚያ ወዲያ ካሉ አገሮች የተፈነገሉ፣ በዘመቻ የተማረኩ፣ የሚበዙት ሕፃናትና ወጣት ሴቶች። ባሶ ላይ ይሸጡ ነበር። ገሚሶቹ እዚሁ በየጌታው ቤት ቀሩ፣ ገሚሶቹ እስከ ምጽዋና መተማ በእግራቸው ተነዱ። ባርነት በአዋጅ ሙሉ ለሙሉ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሩቅ አይደለም። የልጅ ልጆቻቸው አብረውን ይኖራሉ፣ በአጥንት የሚለዩዋቸውም ሰዎች አልጠፉም። ስለ ማሩና ስለ ነጋድራሱ እያወራን ይህን ከዘለልን መንገዱን አላከበርነውም፣ ዋሽተንበታል።

ዛሬ ክልሉ ሰላም አጥቶ መንገደኛ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ለመሄድ ሲቸገር ስለ ጉብኝት ማውራት ቅንጦት ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹን ለመቅዳት ግን ቱሪስት መጠበቅ አያስፈልግም። ከአባቱ የሲራራ ወሬ የሰማ ሰው ዛሬ በጣም አርጅቷል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየመንደሩ አሉ፣ ስልክ የሌለው ተማሪም የለም። ማደሪያዎቹ የት እንደነበሩ፣ ኬላው የት እንደቆመ፣ መሻገሪያው የትኛው መልካ እንደሆነ ይጠይቁ። ገበያው የነበረበት ቦታ ሳይታረስና ቤት ሳይሠራበት ይከለል። ሰላም ሲወርድ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ወደ የጁቤ የሚታጠፈው መንገድ ላይ ምልክት ይቁም፣ ባሶ ላይም ሰሌዳ ይተከል። በሰሌዳው ላይ ከጨውና ከቡናው በፊት የተሸጡት ሰዎች ይጻፉ።