ለክቡር ‹‹ሌላ ካለ ይጠቀስ››

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ በግንባታ ፈቃድ ቅጽ ላይ፣ ‹‹የግድግዳ ዓይነት›› ከሚለው ሥር፣ ከብሎኬት፣ ከጡብ፣ ከድንጋይና ከመስታወት በታች የግማሽ ጣት መስመር ይዘው እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ፊት ለፊት የተገናኘነው ግን ትናንት ነው። ያውም በሰው ፊት።

‹‹በማሽን የታመቀ የአፈር ጡብ›› ብዬ ጻፍኩብዎት። መስመርዎ ‹‹የታመቀ›› ላይ አለቀ፤ የቀረውን ኅዳጉ ላይ አዞርኩት። መስኮቱ ውስጥ ያሉት ባለሙያ ወረቀቱን አዙረው አነበቡና ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ‹‹ጭቃ ቤት ሊሠራ ነው!›› አሉ። ሰልፉ ሳቀ። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ጭራሽ ለቅሶ የደረሰ ይመስል ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ‹‹አይዞህ›› አለኝ። የመሐንዲስ ስሌት አወጣሁ። ማህተም ያለበት የላቦራቶሪ ውጤትም አወጣሁ።

‹‹ጥሩ ነው፤ ከየትኛው ደረጃ ጋር ነው የማስተያየው?››

መስኮቱ ውስጥ የሚያውቁለት ደረጃ የለም። ለምን? ጠያቂ ስለሌለ። ጠያቂስ ለምን ጠፋ? የጠየቀ ሁሉ እርስዎ ላይ ስለሚሞላ፣ እርስዎ ላይ የተሞላ ሁሉ ወደ ኮሚቴ ስለሚመራ፣ ኮሚቴው ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ ሲሟላ ስለሚሰበሰብ። ብቻ መፍትሔም አልተነፈገኝም፦ ‹‹ብሎኬት በልና ሙላው፤ ዛሬውኑ ታልፋለህ።››

ከፊቴ የነበሩት ሰው በምዕራብ በኩል ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ ሕንፃ ይዘው መጥተው ነበር። ‹‹መስታወት›› ላይ ራይት አደረጉ፣ ‹‹የአየር ማቀዝቀዣ ብዛት›› የሚለውን ሞሉ፣ አስመትተው ወጡ። ‹‹ጥላ›› የሚል ቦታ ቅጹ ላይ የለም።

ቀደም ሲል የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዬን ‹‹የመዋኛ ገንዳ›› ብለው ስላስመዘገቡልኝም አመሰግናለሁ።

አሁን ግን ስማኝ። ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 8 በመቶ ያህሉ ከሲሚንቶ ነው። ከዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚወጣው ከማገዶው ሳይሆን ከሚቃጠለው የኖራ ድንጋይ ከራሱ ስለሆነ፣ ምድጃውን በፀሐይ ኃይል ብታነደውም አይቀርልህም። አንዱ መላ ሲሚንቶን መቆጠብ ነው። በእኔ ጡብ ውስጥ ያለው ሲሚንቶ ከ10 በመቶ አይበልጥም፤ እሳትም አያይም። ጭቃ ብለህ ታስቅብኛለህ? የየመኗ ሺባም ፎቆች የጭቃ ጡብ ናቸው፤ ከተማዋ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምራ ቆማለች። ኒውዚላንድ ለአፈር ቤት ደረጃ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አዲስ መኖሪያ ቤት ከግንባታው እስከ መፍረሱ የሚለቀው ካርቦን ተሰልቶ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ታስገድዳለች። እኛ ደግሞ ስለ አረንጓዴ ግንባታ ጉባኤ እንጠራለን፣ ባነር እንሰቅላለን፣ ስንወጣ ሰውን ‹‹ብሎኬት በል›› ብለን እናስዋሻለን! ፖሊሲ የሚባለው ነገር ዜጋው ዘንድ የሚደርሰው በአንተ ግማሽ ጣት በኩል ነው፤ እዚያ ላይ ያልቃል።

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ድምፄ ከፍ አለ። በትሕትና የምጠይቀው ጡረታ እንዲወጡ ነው። ቦታዎ ላይ ‹‹የአፈር ጡብ›› ከነደረጃ ቁጥሩ ይግባ፤ ከሥሩ የካርቦን ስሌት ይከተል። ስሌቱ ያነሰለት ሰው የፈቃድ ክፍያው ይቀነስለት፣ ተራውም ይቅደምለት፤ ያኔ ሰልፉ ማን ላይ እንደሚስቅ እናያለን።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች

ግልባጭ፦
ለኮሚቴው (ምልዓተ ጉባኤ ሲሟላ)