ሳይበረዝ፣ ሳይከለስ

እንደኛ መሪውን የሚወድ ሕዝብ ካለ ወዲህ በሉኝ። ሌላው ዓለም መሪውን በልኩ ነው የሚወደው። ይሄን ደግ ሠራ ይላል፣ ይሄን አጠፋ ይላል፣ ሁለቱንም አንድ ጭንቅላት ውስጥ ይዞ ይተኛል። ምን ዓይነት ድካም ነው! እኛ ከዚህ ተገላግለናል። ወይ ደረት እንመታለን፣ ወይ እንረግማለን።

መለስ ዜናዊን ውሰዱ። በ2004 ክረምት ሰውዬው ከዓይን ጠፉ። ባለሥልጣናቱ «እያገገሙ ነው፣ ለአዲሱ ዓመት ሥራ ይጀምራሉ» አሉን። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባምና፣ ነሐሴ 15 ጠዋት ቴሌቪዥኑ መርዶ ነገረን። ውጭ አገር ያለው ወገናችን ደግሞ ከሦስት ወር በፊት አንድ ጋዜጠኛ ዋሽንግተን ላይ ተነስቶ የጮኸባቸውን አስታውሶ «በጩኸት ገደልናቸው» ማለት ጀመረ። ሕክምናው ዓለም ይህን እስካሁን አልመዘገበልንም። ቅናት ነው።

አስከሬኑ በዚያው ሌሊት ከብራስልስ ገባ። ነሐሴ 27 ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እስኪቀበሩ ድረስ አገሩ ሙሾ በሙሾ ሆነ። እውነተኛ እንባ ነበር፤ ይህን አልክድም። ከልቡ ያለቀሰ ብዙ ነው። እኔ የማደንቀው ሌላውን ነው።

የሰፈራችን ጋሼን ላስተዋውቃችሁ። በ1997 ምርጫ፣ ሚያዝያ 29፣ ንብ ያለበት ቲሸርት ለብሰው ኢሕአዴግን ለመደገፍ መስቀል አደባባይ ወጡ። በማግስቱ፣ ሚያዝያ 30፣ እዚያው አደባባይ ሁለት ጣታቸውን ቀስረው ለቅንጅት ወጡ። ቲሸርቱን እንኳ አላወለቁትም፤ ከላዩ ሹራብ ደረቡበት። በ2004 ለቅሶ ላይ ደግፈን ነው የያዝናቸው። ሰኔ 16 ቀን 2010 ደግሞ ለለውጡ ድጋፍ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድመው እዚያው አደባባይ ተገኙ። አንድም ሰልፍ አምልጧቸው አያውቅም። እንዲህ ያለ የዜግነት ግዴታ አወጣጥ የት ይገኛል?

ከሁሉም በላይ ግን የሚደንቀኝ ሰዋስዋችን ነው። ፈረንጅ መሪውን ሲወድም ሲጠላም ግሱ ያው ነው። የኛ ግስ ግን አብሮን ይሰለፋል። ሰውዬው በ1983 ከጫካ ሲገቡ «ይሄ ልጅ ማነው?» ነበር ያልነው። ወንበሩ ላይ ሲደላደሉ «እሳቸው» ሆኑ። ሲሞቱ «ታላቁ መሪያችን»። ከ2010 በኋላ ጋሼ ራሳቸው፣ ያ ሁሉ እንባ የፈሰሰበትን ጉንጫቸውን እያሻሹ፣ «እሱ ሰውዬ እኮ ነው ያጠፋን» ሲሉ ሰማኋቸው። አንቱታውን ሥልጣን ይሰጣል፣ ሥልጣን ይነሳል።

ከቀብሩ በኋላ ያለውን ዘመን ታስታውሳላችሁ። መፈክሩ «ራዕዩን ሳይበረዝ፣ ሳይከለስ እናስቀጥላለን» ነበር። መታወቂያ ላሳድስ ወረዳ ስሄድ ባለጉዳይ የሚያስተናግደው ወንበር ባዶ ነው። ከወንበሩ በላይ ግን ራዕዩ በሙሉ ቀለም ታትሞ ተሰቅሏል። «ሠራተኛዋ የት ሄደች?» ብል፣ «ስብሰባ ናት፣ ስለ ራዕዩ» አሉኝ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ራዕዩ አልተበረዘም፣ መታወቂያዬም አልታደሰም።

ያኔ ድንኳኑ ውስጥ ቁጥር መጥራት ነውር ነበር። ከ1997 ምርጫ በኋላ በጥይት ስላለቁት ሰዎች ማን ያነሳል? መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አባላት 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ቢናገሩም፣ ለቀስተኛ መሃል ይህ ይባላል እንዴ? በ2002 ፓርቲያቸውና አጋሮቹ ከ547ቱ የፓርላማ መቀመጫ 545ቱን ጠራርገው ሲወስዱም ጨዋ ነበርንና አልሳቅንም። የጸረ ሽብር ሕጉ ጋዜጠኞችን ሲለቅም ዝም ብለናል። በሬሳ ላይ ክፉ አይወራም ብለን። በቁም እያሉስ? ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ነውሩ ዞረ። አሁን ደግሞ መንገዱን፣ ጤና ኬላውን ማንሳት ሆነ ነውሩ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ጉባ ላይ የግድቡን የመሠረት ድንጋይ ያስቀመጠው ማነው ብትሉ፣ ጋሼ «ድንጋይ ማስቀመጥ ምን ሥራ ነው?» ይሏችኋል። እኚያው ጋሼ የወር ደመወዛቸውን ለቦንድ ሲቆረጡ «ታላቁ መሪ ያስጀመሩት ነው፣ ይቆረጥ!» ብለው ያጨበጨቡ ናቸው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅም አጨበጨቡ። ግድቡ አንድ ነው፤ አባቱን ግን እንደ ወቅቱ እንሰይምለታለን።

«27ቱ የጨለማ ዓመታት» የሚለው ነገርም አለ። ሰውዬው 21 ዓመት ገደማ ነው የገዙት። የቀረውን ስድስት ዓመት ከመቃብር ሆነው ገዙት ማለት ነው። ይህን ስል ጋሼ አልሳቁም። «ሊሆን ይችላል» አሉኝ።

ሙያው የዛሬ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ በቮልስዋገን ሲወሰዱ መንገድ ዳር «ሌባ! ሌባ!» ያለው ሕዝብ፣ ያ መኪናቸው ሲያልፍ መሬት ይስም የነበረው ነው። ከዚያ ለደርግ ተጨበጨበ። በ1983 መንግሥቱ ዚምባብዌ ሲገቡ፣ የሌኒን ሐውልት ፊት ቀይ ባንዲራ ያውለበለብን ሁሉ ሐውልቱ ሲወርድ ፎቶ ተነሳን። ጃንሆይ በ1993 በክብር ቅድስት ሥላሴ አረፉ። ዛሬ ከአቶ መለስ ጋር የአንድ ግቢ ሰዎች ናቸው። እነሱ ሳይጣሉ እኛ እንጣላለን።

ባለፈው ሐምሌ ጉሊት ሽንኩርት ስገዛ ዝናብ ያዘኝና አንዲት እናት መደብ ሥር ተጠለልኩ። ቀና ስል የመደቡ ጣሪያ ባነር ነው። ፊት ለፊቴ መነጽርና የታወቀ ግንባር፣ ከጎኑ «ሳይበረዝ» የሚል። «ሳይከለስ» ያለበት በኩል ታጥፎ ከእንጨቱ ጋር በሲባጎ ታስሯል። ጠብታ አያስገባም።

«እማማ፣ ይሄን እስካሁን አልቀየሩትም?» አልኳቸው።

«ምን ልቀይረው ልጄ? የዚያን ጊዜው ወፍራም ነው። ያሁኖቹ ሳሳ ያሉ ናቸው፣ አንድ ክረምት አይዘልቁም።» ሽንኩርቱን መዝነው ሰጡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ይሄኛው ሲወርድ ቀድመህ ንገረኝ። ባለፈው ያቺ ድንች የምትሸጠዋ ቀደመችኝ።»