ሙዚቃ ጨው ሳይሆን ቁሌት ነው

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ አዳራሽ አንድ አዲስ ፊልም ታየ። ከዕይታው በኋላ አዘጋጁ ስለ ሙዚቃው ሲጠየቅ ፈገግ ብሎ «ሙዚቃ የፊልም ጨው ነው፤ መጨረሻ ላይ ይነሰነሳል። አቀናባሪ የምንቀጥርበት ባጀት ስለሌለን ከኢንተርኔት እናወርዳለን» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን ኪሴ ከተትሁ።

ከባጀቱ ልጀምር፤ ሲነኩት የሚፈርሰው ሰበብ እርሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የሻርክ ፊልም «ጆውስ» ሲሠራ ሰው ሠራሹ ሻርክ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ አስቸገረ። ሻርኩ በሌለበት ፍርሃቱን የተሸከመው የጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ ነበር፤ እርሱም በሁለት ኖታዎች። ሁለት! ማሲንቆ ያላት አንዲት ጭራ ናት። አዝማሪ በዚያች ጭራ ቤት ሙሉ ሰው ሲያስቅና ሲያስለቅስ በሚያመሽበት ከተማ ቆሞ ባጀት የለኝም ማለት ትንሽ አያሳፍርም?

ጨው የተባለው ግን የባሰ አናደደኝ። ሰውየው ማጀት ገብቶ አያውቅም መሰለኝ። የጎንደር እናት ዶሮ ወጥ ስትሠራ መጀመሪያ ሽንኩርቱን ታቁላላለች፤ በርበሬውን ጨምራ፣ ውኃ ጠብ እያደረገች፣ ዓይኗ እያለቀሰ ታማስላለች። ዶሮው የሚገባው ከስንት ሰዓት በኋላ ነው። ቁሌቱ ያልበሰለን ወጥ የትኛው ጨው አድኖታል? የፊልም አዘጋጁ ክሪስቶፈር ኖላን «ኢንተርስቴላር» የተባለውን የጠፈር ፊልም ሲጀምር ለአቀናባሪው ሃንስ ዚመር ስክሪፕት አልሰጠውም። ስለ አባትና ልጅ የምታወራ አንዲት ገጽ ሰጠው፤ ስለ ጠፈር ቃል አልነበረባትም። ዚመርም ከዚያች ገጽ ተነሥቶ ዜማ ሠራ፤ ቁሌቱ ተጣደ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ፊልም አባትየው መኪናውን አስነሥቶ ከቤቱ ሲርቅ የሮኬቱ ቆጠራ ይጀምራል፣ ኦርጋኑም እየገነነ ይመጣል። ሮኬቱን ረስተን ለልጅቱ የምናለቅሰው ሙዚቃው ገና ከመነሻው የአባትና የልጅ ስለሆነ ነው።

ስዊድናዊው አቀናባሪ ሉድቪግ ጎራንሰን ደግሞ ለ«ብላክ ፓንተር» ፊልም ሴኔጋል ድረስ ሄደ። ከሴኔጋላዊው ዘፋኝ ከባባ ማል ጋር ተጉዞ፣ የፊልሙን ንጉሥ ስም እንዲጠራ ያደረገውን ከበሮ ይዞ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስካር ተሸለመበት። የእኛ ሰው ግን አዝማሪው ቤት ድረስ በእግሩ መሄድ ከበደው።

አዎ፣ ትልልቆቹ ፊልሞችም ጆሮ እስኪደነቁር ሙዚቃ የሚያበዙበት ጊዜ አለ። ያ ሌላ ጥፋት ነው።

ቅዳሜ የታየው ፊልም ውስጥ አንዲት እናት በር ላይ ቆማ ከልጇ የመጣ ደብዳቤ ትከፍታለች። ተዋናይቷ ግሩም ናት፤ ጣቷ ፖስታው ላይ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ደብዳቤው ሳይነበብ ፒያኖው ልቅሶውን ጀመረ። ይሄኔ አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «ይህ የሶፋው ማስታወቂያ አይደለም እንዴ?» አሉ።