ነጻነት በድንቡሎ ላይ

ከፈረንሳይ ጠረፍ አጠገብ ያለችው፣ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር የምትገኘው የጀርዚ ደሴት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንዲት የነሐስ ሳንቲም አስቀርጻ ነበር። በአንድ ገጿ የንጉሥ ጆርጅ 6ኛ መልክ፣ በሌላው ሦስት አንበሶች ያሉበት ጋሻና «የጀርዚ ደሴት፣ 1945 ነጻ ወጣች» የሚል ጽሑፍ አለ። ዋጋዋ የሽልንግ አሥራ ሁለተኛ እጅ፣ አንድ ፔኒ ብቻ ነው። እኛ ድንቡሎ የምንላት ዓይነት።

ሳንቲም ሰብሳቢዎች 1945 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የተቀረጸችበት ዓመት አይደለም፣ ሥራው በ1949 ነው የተጀመረው ይላሉ። ልክ ናቸው። እኔ ግን የምወድላት ይህንኑ ነው። በ1954 የንግሥት ኤልሳቤጥ መልክ በአባቷ ቦታ ሲተካ እንኳ ያ ዓመት አልተነካም። የእኛም የ1936 ዓ.ም. ሳንቲሞች ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ወጥተው፣ ያንኑ ዓመት እንደያዙ ለአሥርት ዓመታት ተቀርጸዋል። ስለ ነጻነቱ ግን አንድ ቃል አልተጻፈባቸውም፤ ይህ ይቆጨኛል።

ታላቅ ድል በትንሽ ሳንቲም መታሰቡ ያንሰዋል የሚል ሰው የደሴቲቱን ገበያ ያስታውስ። የጀርመን ጦር በጁላይ 1940 ከገባ በኋላ የጀርመኑ ገንዘብ ራይሽማርክ መገበያያ ሆነ፤ ሳንቲም ከእጅ ጠፋ። ደሴቲቱም ሠዓሊው ኤድመንድ ብላምፒድ የነደፋቸውን የወረቀት ገንዘቦች፣ ባለ ስድስት ፔንሱን ጨምሮ፣ አሳተመች። በ1944 የተባበሩት ኃይሎች ኖርማንዲ ሲያርፉ ደሴቲቱ ተቆርጣ ቀረች፤ የቀይ መስቀልን እሽጎች የጫነችው ቬጋ የተባለች መርከብ በዲሴምበር 30 እስክትደርስ ድረስ ረሃቡ ጸንቶ ነበር። ነጻነት የመጣው በሜይ 9 ቀን 1945 ነው። በመልስ ፈንታ ቁራጭ ወረቀት ሲቀበል የኖረ ሰው፣ ዳቦ ገዝቶ «ነጻ ወጣች» የሚል ነሐስ መዳፉ ላይ ሲያርፍ ምን እንደተሰማው አስቡት! ዛሬ ለመታሰቢያ የሚወጡት የወርቅና የብር ሳንቲሞች ከሣጥናቸው አይወጡም፤ ዳቦ የሚገዛባቸውም የለም።

አንድ ነገር ግን ይጎድላታል። ሉዊዛ ጉልድ ከጀርመኖች ያመለጠ ሩሲያዊ እስረኛ በቤቷ ደብቃ፣ ተጋልጣ፣ በጀርመኖቹ የራቨንስብሩክ ማጎሪያ ካምፕ ሞተች። በዛሬዋ የጀርዚ አንድ ፔኒ ላይ ያለው የሌ ሆክ የጥበቃ ግንብ ነው። ለአንድ ዓመት ያህል እንኳ በግንቡ ፈንታ የዚህች ሴት ስም ይቀረጽባት።